ተራራውን ፊት ለፊት አይቶ መሣል፤ የውሃ ቀለም ሥራ በአንኮበር

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ የታወቀ ሥዕል አለ። ተማሪው «ተራራ ሣል» ሲባል ሁለት ሹል ተራሮችን ጎን ለጎን ያቆማል፤ በመካከላቸው ፀሐይ ትወጣለች፤ ከፀሐይዋ ሥር ወንዝ ይወርዳል፤ በወንዙ ዳር አንዲት ጎጆ ትቀመጣለች። ይህን ሥዕል የቆላውም የደጋውም ልጅ ይሥለዋል። ከክፍሉ መስኮት ውጭ አናቱ እንደ ገበታ የተደለደለ አምባ የሚታየው ልጅ እንኳ ዓይኑን ወደዚያ ሳያነሣ ሁለቱን ሹል ተራሮች ይደግማል። ሥዕሉ የመጣው ከመስኮቱ ሳይሆን ከግድግዳ ካሌንደርና ከታላቅ ወንድም ደብተር ነውና።

የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋችን ተራሮች ግን አብዛኞቹ ሹል አይደሉም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቆች የፈሰሰው ቅልጥ አለት በላይ በላዩ እየተነጠፈ ረጋ፤ በኋላም ወንዞች ንጣፉን እየሸረሸሩ ገደል አወጡበት። የቀረው ቅርጽ አናቱ ሜዳ፣ ጎኑ ደረጃ ደረጃ የሆነው አምባ ነው። ይህን የጂኦግራፊው መምህር በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ሥዕል ሲመጣ ያው ተማሪ ወደ ሁለቱ ሹል ተራሮቹ ይመለሳል። ከዚህም የባሰ አጋጥሞናል። እጩ መምህራንን ለማስተማር ልምምድ ይዘን በሄድንበት በአንድ ትምህርት ቤት አንዲት ተማሪ ከቤቷ በስተጀርባ ያለውን አምባ እንዳየችው አናቱን ጠፍጣፋ አድርጋ ብትሥል «ተራራው አላለቀም» ተብሎ ነጥብ ተቀንሶባት አይተናል። የልጅቷ ጥፋት ማየቷ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ያቀረበችው ሥዕል ሁለት ሹል ተራሮችና በመካከላቸው የምትወጣ ፀሐይ ነበረበት፤ ሙሉ ነጥብም አገኘች።

እንግዲህ ለመምህራንም ሆነ ለተማሪዎች የምናቀርበው ይህ ጽሑፍ ከክፍል ወጥቶ፣ ተጉዞ፣ ተራራውን ፊት ለፊት እያዩ በውሃ ቀለም ስለ መሣል ነው። ምሳሌያችን ከእጩ መምህራን ጋር የሠራንባት አንኮበር ናት።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ጠርዝ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ነው። ከእርስዋ በስተምዕራብ ከእርስዋ የሚበልጥ ደጋ አለ፤ በስተምሥራቅ ግን መሬቱ በሸንተረር ላይ ሸንተረር እየሆነ ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳል። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረች ስትሆን፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት ተቀምጠውባታል። ለሠዓሊ የምትመቸው ግን በታሪኳ ብቻ አይደለም። ከአንድ ቦታ ሳይነሡ ዞር ብቻ በማለት ቅርብና ሩቅ፣ ጥቁር ጥድና ነጭ ጉም፣ ደጋና ቆላ ይታይባታል።

ይህንን ከእኛ በፊት ያየ ሠዓሊ አለ። ዮሐን ማርቲን በርናትስ የተባለው ጀርመናዊ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከተመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ ቆላውንና ደጋውን እየሣለ ቆየ። ሥራዎቹም በ1852 እ.ኤ.አ. በሊቶግራፍ ታትመው ወጡ። ዛሬ ቦታው ላይ ቆመን ስናነጻጽር አንድ ነገር ጎልቶ ይታየናል። አሁን በየመንደሩ ጥግ ዓይን የሚገባው ባሕር ዛፍ በእርሱ ዘመን ሊኖር አይችልም ነበር፤ ዛፉ ወደ አገራችን የገባው ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በምኒልክ ዘመን ነውና። ስለዚህ ዛሬ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በጥንቃቄ የሚሥለው የመንደር ሥዕል ከበርናትስ ሥዕል ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ለታሪክ መምህሩም የሚናገረው ነገር አለው። የሚያሳዝነው ግን ያንን ዘመን የምናየው በእንግዳ ዓይን መሆኑ ነው። የራሳችን ሠዓሊዎች በዚያው ጊዜ ቤተ ክርስቲያንና ብራና ሲያስጌጡ ነበር፤ የእነርሱ ሥዕል ዓላማም ሌላ ነው። የቅዱሱ ልብስ ቀለም ጠዋትና ማታ አይለዋወጥም፤ ጥላም አይጥልም፤ ቀለሙ የሚናገረው ስለ ማዕርጉ እንጂ ስለ ሰዓቱ አይደለምና። አንዱን ከሌላው ማስበለጥ አያስፈልግም። ተማሪው ግን ሁለቱ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደሚመልሱ ማወቅ አለበት።

የውሃ ቀለምን የመረጥነው በመጀመሪያ ስለሚቀል ነው። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይም አይጫንም። የውሃ ቀለም ሣጥን ግን ከኮት ኪስ ይገባል። ሁለተኛው ምክንያት ጠባዩን መረዳት ራሱ ትምህርት መሆኑ ነው። የውሃ ቀለም ማለት እጅግ የደቀቀ ባለ ቀለም ዱቄት በሙጫ ተለውሶ የደረቀ ማለት ነው። ሙጫውም ከግራር ዛፍ የሚፈሰው ሙጫ ነው፤ ከሱዳን እስከ ሶማልያ፣ በእኛም ቆላ ጭምር የሚለቀመው ማለት ነው። ከውጭ አገር በውድ ዋጋ የምንገዛው ሣጥን ውስጥ ከአካባቢያችን የሄደ ነገር መኖሩን ተማሪዎች ሲሰሙ ይገረማሉ። እንዳይሰነጣጠቅና ቶሎ እንዲርስ ደግሞ ማር ወይም ግሊሰሪን ይጨመርበታል።

ሙጫው በውሃ ይሟሟል፤ ከደረቀም በኋላ ውሃ ሲነካው እንደገና ይሟሟል። የአሠራሩ ሕግ ሁሉ ከዚህ ይወጣል። በደረቀ ቀለም ላይ ሁለተኛ ቀለም ሲቀባ ብሩሹ አንድ ጊዜ ብቻ ማለፍ ይገባዋል። ደጋግመው ካሹት የታችኛው ይነሣና ሁለቱ ተደባልቀው ጭቃ ይሆናሉ። ተማሪዎች «ቀለሙ መጥፎ ነው» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚከብዳቸው ግን የነጭ ነገር ነው። በውሃ ቀለም ሥራ ነጭ የሚባለው ወረቀቱ ራሱ ነው። ቀለሙ ስስ በመሆኑ ብርሃን አልፎት ወረቀቱን መትቶ ይመለሳል፤ ሥዕሉ የሚያበራውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሥራው ከሚያበራው ተጀምሮ ወደ ጨለማው ይሄዳል እንጂ በተቃራኒው አይሆንም። አንዲት ሴት ነጠላ ለብሳ በአረንጓዴ መስክ ላይ ስትሄድ ብናይ፣ ነጠላውን አንቀባውም። መስኩን በዙሪያው ቀብተን የነጠላውን ቅርጽ ባዶ ወረቀት እንተወዋለን። ይህን ለመሥራት ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት ነጩ የት እንደሚቀመጥ መወሰን ያሻል። ቀለም ከነኩ በኋላ መወሰን ግን ዘግይቷል። ከዚያም የነጠላው እጥፋት ውስጥ ያለውን ጥላ በደንብ ስናይ አመድማ ሳይሆን ሰማያዊ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ፀሐይ ያልደረሰበትን ቦታ የሚያበራው ሰማዩ ነውና። አንድ ቀጭን ሰማያዊ ጭረት በቂ ነው። ብዙዎቹ እጩ መምህራን በዚህ ቦታ ላይ ጥቁር ይጨምራሉ። እኛ ጥቁሩን ቀለም ከሣጥኑ ማውጣትን እንመርጣለን።

ስለ ብርሃኑ ሰዓት ከአውሮፓ የመጡ መጻሕፍት የሚሉት ለእኛ አይስማማም። አንኮበር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ናት። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ማብቂያና በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ማብቂያ ላይ ፀሐይ በስድስት ሰዓት በቀጥታ በአናት ላይ ትቆማለች፤ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም። በታኅሣሥ እንኳ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ጥላ ከሌለ ደግሞ ተራራው ቅርጽ የለውም፤ ሸንተረሩና ሸለቆው አንድ ዓይነት ሆኖ ይጋረጣል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ9 ሰዓት ጀምሮ መሥራት ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ለምሳ፣ ለእንቅልፍና ወረቀት ለመወጠር ይሁን።

አንኮበር ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ገደሉ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ጠዋት ወደ ቆላው የሚመለከት ሰው ፀሐይን ከፊት ያገኛታል፤ ሸንተረሮቹ ዝርዝራቸው ጠፍቶ እንደ ተቀደደ ወረቀት አንዱ ከአንዱ ኋላ ይደረደራሉ። ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል አርእስት አላየንም። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ከምዕራቡ ደጋ ጀርባ ቀድማ ስለምትገባ ከከተማዪቱ በታች ያለው ዳገት ጥላ ይውጠዋል፤ የሩቁ ቆላ ግን ገና በብርሃን ውስጥ ነው። ቅርቡ ጨለማ፣ ሩቁ ብርሃን ይሆናል ማለት ነው። ይህ ጊዜ አጭር ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትሄድ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ጥላው ሁሉ ቦታውን ለቋል። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የጥላውን ዳርቻ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ከዚያ በኋላ ጥላውን እያሳደዱ አለመለወጥ ነው። አለዚያ ዛፉ በግራ፣ ቤቱ በቀኝ ጥላ ጥሎ ሁለት ፀሐይ ያለበት ሥዕል ይወጣል።

አሁን ወደ ሩቁ ሰማያዊ እንምጣ። ተማሪዎች በተደጋጋሚ «ተራራው ላይ ያለው ዛፍ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ለምን ሰማያዊ ይሆናል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ የፊዚክስ ጥያቄ ነው። በእኛና በተራራው መካከል ያለው አየር ባዶ አይደለም። የአየር ሞለኪውሎች ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ አጭር ሞገድ ያለውን ሰማያዊውን ከቀዩ ይልቅ አብዝተው ይበትናሉ። ሰማይ ሰማያዊ የሚሆነውም በዚሁ ነው። ስለዚህ በእኛና በተራራው መካከል ስስ የሰማይ መጋረጃ ተዘርግቷል ብለን ልናስብ እንችላለን። ተራራው በራቀ መጠን መጋረጃው ይወፍራል። መጋረጃው በይበልጥ የሚታየው በጨለማው ክፍል ላይ ነው፤ ጥላውና ጫካው አስቀድሞ ሰማያዊ ሲሆን ብርሃን የመታው የታረሰ ማሳ ግን ረዘም ላለ ርቀት የራሱን ቀለም እንደያዘ ይቆያል።

በደረቁ ወራት ግን አዋሽ ቆላ ላይ አቧራና ጭስ ይንሳፈፋል። የአቧራ ቅንጣት ከአየር ሞለኪውል እጅግ ስለሚተልቅ ብርሃኑን ሁሉ ሳይመርጥ ይበትነዋል። በዚህም የተነሣ በየካቲትና በመጋቢት ሩቁ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ እንደ ወተት የነጣ፣ ወደ ቢጫ ያደላ ግራጫ ይሆናል። በመስከረም ደግሞ ዝናሙ አየሩን ስላጠበው ሩቁ ሸንተረር የቀረበ እስኪመስል ይጠራል። እንግዲህ «ሩቅ ሁሉ ሰማያዊ ነው» ብሎ ማስተማርም ሁለቱን ሹል ተራሮች ከማስተማር ብዙ አይሻልም። ተማሪው ወሩን ይመልከት። ለልምምድ ያህል አንድ ወረቀት ላይ ከሩቁ ሸንተረር ጀምሮ ወደ ቅርቡ አምስት ንጣፎችን እንዲቀባ ማድረግ ነው፤ እያንዳንዱ እስኪደርቅ ቆይቶ ቀጣዩን በትንሹ ጠቆር አድርጎ ማውረድ። ምንም ዝርዝር ሳይጨመር ርቀቱ ይወጣል።

ለዚህ ሁሉ ከሣጥኑ ውስጥ የሚያስፈልጉን ቀለሞች አራት ናቸው፤ ኡልትራማሪን ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይና በርንት ሲዬና የሚባለው የሸክላ ቀለም። ኡልትራማሪንና በርንት ሲዬና ሲደባለቁ ከሞቃት ቡናማ እስከ ቀዝቃዛ ግራጫ ድረስ የአንኮበርን ድንጋይ ሁሉ ይሰጣሉ። በሣጥኑ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ግን በተራራው ላይ ፈልገን አላገኘነውም። ጥዱ ወደ ጥቁር ያደላል፤ የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ሰማያዊና አመድማ ነው፤ የገብስ ማሳ ቢጫ ይበዛበታል። ሦስቱንም ከሰማያዊና ከቢጫ፣ ሲያስፈልግም ከትንሽ ሸክላማ ቀለም ጋር መቀመም ይቻላል።

ጉሙን በተመለከተ፣ ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ወደ ጠብታ ይለወጣል። ደቂቃ ሳይሞላ መላው ሸለቆ ሊሰወር ይችላል። በዚህ ጊዜ ወረቀቱ አይደርቅም፤ ንጣፍ በንጣፍ ላይ መሥራትም ያበቃል። ይሁን እንጂ ወረቀቱን ጨርሶ በውሃ አርሶ በእርጥቡ ላይ ቀለም ማንጠባጠብ ለጉም የተፈጠረ አሠራር ነው። ቀለሙ ዳር ሳይኖረው ይሰራጫል፤ የጥዱ አናት ብቻ ቀርቶ ግንዱ ይጠፋል። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ አንድ ነው። የሚንጠባጠበው ቀለም ወረቀቱ ላይ ካለው ውሃ ይልቅ ወፈር ማለት አለበት። ቀጭን ከሆነ ውሃው ቀለሙን ገፍቶ እንደ ጎመን ቅጠል የተተለተለ ዳርቻ ይተዋል። በፀሐያማ የኅዳር ቀን ነገሩ ይገለበጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ነፋሱና ድርቀቱም ስለሚጨመሩበት፣ ሰማዩ ተቀብቶ ሳያልቅ ግማሹ ይደርቃል። ያን ጊዜ ብሩሹ ትልቅ፣ የተዘጋጀው ቀለም ብዙ፣ ሰሌዳውም ወደ ታች ዘንበል ያለ ይሁን። ደግሞም ቀለሙ ሲደርቅ እንደሚነጣ አይረሳ፤ እርጥብ ሳለ ትንሽ የበዛ የሚመስለው ልክ ይሆናል።

የዕቃው ነገር ብዙ አያስቸግርም። አንድ ኮምፔንሳቶ፣ አራት የልብስ መቆንጠጫ፣ ሁለት ጣሳ ውሃ (አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለንጹሕ)፣ አሮጌ ጨርቅ፣ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ብሩሽ ይበቃል። ገንዘብ ካለ በወረቀቱ ላይ ይዋል። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ሳይጨማደድ ውሃ ይሸከማል። ስሱ የትምህርት ቤት ወረቀት ግን አስቀድሞ ርሶ፣ በሰሌዳው ላይ ዙሪያውን በሙጫ ወረቀት ተለጥፎ ሲደርቅ ይወጠራል። ባርኔጣና ጋቢም ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ለቀን ፀሐይ፣ ሁለተኛው ለጉሙ። ነጭ ወረቀት በቀጥታ ፀሐይ ላይ ዓይን ያሳውራል፤ ስለዚህ በጥላ ውስጥ መቀመጥ የግድ ነው።

አንድ ሰው ብሩሽ አውጥቶ መንገድ ዳር ሲቀመጥ ብቻውን አይቆይም። መጀመሪያ ልጆች፣ ቀጥሎ አዛውንቶች ይመጣሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ቦታው የማን እንደሆነ ጠይቆ ማስፈቀድ ይገባል። በሰው ማሳ ድንበር ላይ ወረቀት ዘርግቶ፣ እርሳስ በእጁ ይዞ መሬቱን እየለካ የሚመስል እንግዳ ሰውን ያስጨንቃል፤ ምክንያትም አለው። እኛ አንድ ጊዜ «ልታስለኩብን ነው ወይ?» ተብለን ተጠይቀናል። የጠየቁን አባት የተጀመረውን ሥዕል ሲያዩ ሳቁና፣ «ይሄኛው እርከን ከዚያኛው ይረዝማል እኮ» ብለው አረሙን። ትክክል ነበሩ። ያንን እርከን የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ሰውን በሚመለከት ደግሞ ሳያስፈቅዱ ፊቱን መሣል ነውር ነው፤ እምቢ ካለም ምክንያት መጠየቅ አያስፈልግም። ለልጆቹ ትርፍ ወረቀትና እርሳስ መስጠት ከመቆጣት የተሻለ ውጤት እንዳለው ደጋግመን አይተናል። በዙሪያችን ከሚጋፉ ይልቅ ተቀምጠው መሣል ይጀምራሉ። የሚሥሉት በመጀመሪያ ምን እንደሆነ አንባቢዎቻችን ይገምቱታል። ፊታቸውን ወደ ሸለቆው አዙረን «የመጀመሪያው ሸንተረር የት ያልቃል?» ብለን ስንጠይቅ ግን ሁለተኛው ወረቀት ሌላ ይሆናል።

ነጥብ ስለ መስጠት መምህራን ይጠይቁናል። እኛ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ይታወቃል ወይ፣ ሩቁ ከቅርቡ ተለይቷል ወይ፣ ከቦታው ካልሆነ በቀር ሊገኝ የማይችል አንድ ነገር አለበት ወይ የሚል ነው። ለሦስተኛው ግማሹን ነጥብ እንሰጣለን። የተጣመመ እርከን፣ አናቱ የተቆረጠ ጥድ፣ ጠፍጣፋ አምባ ሊሆን ይችላል። ንጽሕና ለብቻው ነጥብ አያስገኝም፤ በጉም ውስጥ የተሠራ ወረቀት ብዙ ጊዜ የጣት አሻራ አለበትና።

ሣጥን መግዛት የማይችል ትምህርት ቤትም ከሥራው አይቀርም። በመንገድ ቁርጥ ላይ የሚታየውን ቀይ፣ ቢጫና ቡናማ አፈር ሰብስቦ፣ በውሃ አጥቦ፣ በጨርቅ አጥልሎና አድርቆ በድንጋይ እንደ ዱቄት ማላም ይቻላል። አንድ እጅ የግራር ሙጫ በሁለት እጅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሌሊቱን ያድራል፤ ጠዋት ተጠልሎ ጥቂት ጠብታ ማር ይጨመርበታል፤ እንዳይሻግትም አንድ ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት። ከአፈሩ ዱቄት ጋር በመስተዋት ላይ ተላውሶ በቆርኪ ውስጥ ይደርቃል። የአፈር ቀለሞች በፀሐይ አይለቁም። ከገበያ የሚገዙት ርካሽ ሣጥኖች ግን በተለይ ሐምራዊና ሮዝ ቀለማቸው ይጠፋል። የትኛው እንደሚቆይ ለማወቅ ተማሪዎች ከእያንዳንዱ ቀለም አንድ ጭረት በወረቀት ላይ ቀብተው፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍነው ፀሐይ በሚገባበት የክፍል መስኮት ላይ ይለጥፉት። የተለጠፈበት ቀን በጀርባው ይጻፍ፤ በሦስተኛው ወር ማብቂያ ካርቶኑ ይነሣና ሁለቱ ግማሾች ይነጻጸሩ።